የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በጉባኤ የተገባ ቃልና በቤት ያለ ዕዳ

በዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ አንድ ጉዳይ የሚነኩ በመሆናቸው አብረን አቅርበናቸዋል። ጠያቂዎቹ በጠየቁን መሠረት የእነርሱም ሆነ የአጥቢያዎቻቸው ስም አልተጻፈም። ረዘም ያሉት ደብዳቤዎች ሐሳባቸው ሳይነካ አጥረዋል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለቤቴ ዱከም በሚገኝ ፋብሪካ ይሠራል፤ እኔ እንጀራ እየጋገርኩ ለጎረቤትና ለምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። አጥቢያችን የሚያመልከው በቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ባለፈው ዓመት ለአዲስ ሕንፃ ገንዘብ ለማሰባሰብ አንድ እሑድ ልዩ ፕሮግራም ተዘጋጅቶ ነበር። ባለቤቴ የግንባታ ኮሚቴ አባል ነውና ከሁሉ ቀድሞ ተነሥቶ በአንድ ዓመት የሚከፈል 120,000 ብር ቃል ገባ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር፤ አስቀድሞ ምንም አልነገረኝም። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ 10,000 ብር ከቤታችን ይወጣል። የባንኩ የቤት ክፍያ ሦስት ወር ተጠራቅሟል፤ ከልጆቹ ትምህርት ቤትም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጥቷል። ከሁሉ የከፋብኝ የአማቴ ነገር ነው። ከምንጃር መጥተው እኛ ዘንድ የተቀመጡት ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ተጋርደው ነው፤ ሐኪም ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው ከነገረን ቆይቷል። ባለቤቴን ስጠይቀው «ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን አልነካም፤ እናቴን ጌታ ይፈውሳታል» ይለኛል። በቅርቡ ሱሪውን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ የቤተ ክርስቲያኑን ካርኒ አገኘሁ፤ ለጤፍ መግዣ ያስቀመጥኩትን 4,000 ብር ወስዶ እንደ ከፈለ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ስናገረው «ሚስቶች ሆይ ለባሎቻችሁ ተገዙ» የሚለውን ጥቅስ ያነብልኛል። ዝም ማለት ይገባኛል ወይ?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ዝም ማለት አይገባዎትም። ባለቤትዎ ገንዘብ በመጠጥ የሚያጠፉ ወይም ቤታቸውን የረሱ ሰው እንዳልሆኑ ከደብዳቤዎ መረዳት ይቻላል፤ የእግዚአብሔርን ቤት የሚወዱ፣ በቆርቆሮ ሥር ዝናብ ሲወርድ ስብከት የማይሰማበት ጉባኤ የሚያሳዝናቸው ሰው ይመስሉናል። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በኃጢአት የሚባክን ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌዎች በአንድ ቀን ይገሥጿቸው ነበር፤ በመንፈሳዊ ስም የሚወጣ ሲሆን ግን ለመናገር የሚደፍር ሰው ይጠፋል፣ የሚደፍረውም ሰው እምነት የጎደለው ይባላል።

የእርስዎ ቤት ጉዳይ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ከቍጥር 9 እስከ 13 ተጽፎ ይገኛል ማለት ይቻላል። በዚያ ዘመን አንድ ልጅ አባቱን ወይም እናቱን ሊረዳበት የሚገባውን ሀብት «ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው» ብሎ ቃል ከገባ፣ የሃይማኖት መምህራኑ ከዚያ በኋላ ለወላጆቹ አንዳች እንዲያደርግ አይፈቅዱለትም ነበር። ቃሉ የተገባው ለጣዖት አልነበረም፤ ለእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ ነበር። ጌታችን ግን ይህን ልማድ የእግዚአብሔርን ቃል የሚሽር ወግ ብሎ ገሠጸው፤ የጠቀሰውም «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለውን ትእዛዝ ነው። እግዚአብሔር በዐሥርቱ ትእዛዛት ለእናት ያደረገውን ድርሻ ማንም ሰው ለእግዚአብሔር ቤት ብሎ ሊወስደው አይችልም ማለት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8 ስለ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው ሃይማኖትን የካደ፣ ከማያምንም ሰው ይልቅ የሚከፋ ነው ይላል። ይህን ቃል የጻፈው ልጆችና የልጅ ልጆች መበለት የሆኑ እናቶቻቸውንና አያቶቻቸውን እንዲጦሩ ባዘዘበት ክፍል ውስጥ ስለ ሆነ፣ ለአማትዎ ጉዳይ ከሩቅ የተጎተተ ጥቅስ አይደለም። ስለ ባልዋ እናት ዓይን የምትሟገተው ምራት መሆኗን ሳነብ የሩትና የኑኃሚን ታሪክ ትዝ እንዳለኝ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም።

«ጌታ ይፈውሳታል» ስለሚለው መልስ ጥቂት ልበል። የዓይን ሞራ በአገራችን ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት ነው፤ በጠብታም ሆነ በመነጽር አይድንም፤ የደፈረሰው የዓይን ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲተካ ግን ብዙዎች ብርሃናቸው ይመለሳል። ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜም አንዱ ዓይን አስቀድሞ፣ ሌላው ቆይቶ ስለሚሠራ ወጪውን በአንድ ጊዜ መሸከም አያስፈልግም። እንደ ዳግማዊ ምኒልክ ባሉ በዓይን ሕክምና በታወቁ የመንግሥት ሆስፒታሎች መጠየቅ ይቻላል፤ በዘመቻ በነፃ የሚሠራበት ጊዜም አለ። ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ ጳውሎስም «የተወደደው ባለ መድኃኒቱ» ብሎ ጠርቶታል እንጂ በጸሎት ላይ የተነሣ ሰው አላደረገውም። ገንዘቡ በእጅ እያለ፣ መንገዱም እየታወቀ የተተወን ሕክምና እምነት ብሎ መጥራት በእግዚአብሔር ስም ማሳበብ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

አሁን ወደ «ተገዙ» ልምጣ። ባለቤትዎ የሚያነቡት ኤፌሶን 5፥22 ከፊቱ «ለእያንዳንዳችሁ በክርስቶስ ፍርሃት የተገዛችሁ ሁኑ» የሚል ቍጥር አለው፤ ከኋላው ደግሞ ባል ሚስቱን ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደደና ስለ እርስዋ ራሱን እንደ ሰጠ እንዲወድ የሚያዝ፣ ለባሎች ከተጻፈው ሁሉ የሚከብድ ቃል አለ። ክርስቶስ ከቤተ ክርስቲያን ኪስ ወስዶ ለራሱ ስም አልከፈለም፤ ራሱን ነው የሰጠው። በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5 ደግሞ ባልና ሚስት ለጸሎት ለመትጋት ሲሉ እንኳ እርስ በርሳቸው እንዳይከላከሉ፣ በመስማማትና ለጊዜው ካልሆነ በቀር ታዝዘዋል። ለጸሎት የሁለቱ ስምምነት ካስፈለገ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ዕዳ ያለበትን የዓመት ገቢ ለመስጠት አያስፈልግም የሚል ትምህርት ከመጽሐፍ ቅዱስ ሊወጣ አይችልም። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥7 ባሎች ሚስቶቻቸውን የሕይወትን ጸጋ አብረው እንደሚወርሱ እንዲያከብሩ ሲያዝዝ «ጸሎታችሁ እንዳይከለከል» የሚለውን መጨመሩንም ባለቤትዎ ቢያስቡበት መልካም ነው።

የምድራዊው ሕግ እንኳ ከዚህ የራቀ አይደለም። በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ተጋቢዎች በግል ጥረታቸው የሚያገኙትን ገቢ የጋራ ሀብት ያደርገዋል፤ በአንቀጽ 68 ደግሞ ከ100 ብር በላይ የሆነን የጋራ ንብረት ወይም ገንዘብ በስጦታ ለማስተላለፍ የሁለቱም ስምምነት እንዲኖር ይጠይቃል። ይህን የምጠቅሰው ባልዎን እንዲከሱ አይደለም፤ ክርስቲያን ለሚስቱ የሚያደርገው አክብሮት ሕጉ ከሚያዝዘው ያነሰ ሊሆን እንደማይገባ ለማሳየት ነው።

ባለቤትዎ ምናልባት የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲሞች ይጠቅሱልዎ ይሆናል፤ በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ላይ የማይጠቀስበት ጊዜ የለምና። መበለቲቱ የሰጠችው የራስዋን ነው፤ የሌላ ሰው የጤፍ ገንዘብ አልነበረም። ከዚያም በላይ ማርቆስ ታሪኩን ከመንገሩ በፊት ባለው ቍጥር ላይ፣ ማለትም በ12፥40፣ የመበለቶችን ቤት የሚበሉና ጸሎት በማስረዘም የሚያመካኙ ጻፎች ታላቅ ፍርድ እንደሚጠብቃቸው ተጽፏል። ሁለቱን ቍጥሮች ለይቶ የሚያነብ ሰባኪ የጌታን ሐሳብ በግማሽ አስቀርቶታል። እውነቱን ለመናገር፣ ከደብዳቤዎ ሁሉ ያሳዘነኝ የ4,000 ብሩ ነገር ነው። ሳይነገርዎት ከተቀመጠበት የተወሰደ ገንዘብ በመባ ሣጥን ውስጥ ስለ ገባ ብቻ መባ አይሆንም። ባለቤትዎ ይህን ገንዘብ ሊመልሱልዎና ይቅርታ ሊጠይቁዎ ይገባል፤ ቀሪው ውይይት የሚጀምረውም ከዚህ ቢሆን ይሻላል።

የሚቀረው የቃሉ ነገር ነው። መክብብ 5 ለእግዚአብሔር ስእለት የተሳለ ሰው ለመፈጸም እንዳይዘገይ ስለሚያስጠነቅቅ፣ «ቃሌን እንዴት አጥፋለሁ?» የሚለውን የባለቤትዎን ጭንቀት አቃልዬ አላየውም። ነገር ግን ስእለትን አጥብቆ ያዘዘው ያው ሕግ በዘሌዋውያን 27፥8 ላይ የተሳለው ሰው ለመክፈል አቅም ቢያጣ በካህኑ ፊት ቆሞ እንደ ችሎታው መጠን እንዲገመትለት ይፈቅዳል። በችኰላ የተገባ ቃል ወጥመድ መሆኑን ምሳሌ 20፥25 ይናገራል፤ ከወጥመዱ መውጫው ደግሞ ደብቆ መክፈልም ሆነ ደብቆ መተው ሳይሆን ወደ ፊት ቀርቦ አቅምን መናገር ነው። ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ 8፥12 ስጦታ የሚወደደው ሰው እንዳለው መጠን እንጂ እንደሌለው መጠን እንዳልሆነ ጽፏል።

ስለዚህ ልጆቹ የተኙበትን ምሽት ይምረጡ፤ እሑድ ጠዋት ለመውጣት ሲጣደፉ ወይም አማትዎ በሚሰሙበት ክፍል ውስጥ አያንሡት። ወረቀት ይዘው የሁለታችሁን ገቢ፣ የባንኩን ክፍያ፣ የትምህርት ቤቱን፣ የዓይን ሕክምናውንና የአስቤዛውን አብራችሁ ጻፉ፤ ከዚያ የሚቀረውን ባለቤትዎ ራሳቸው ያንብቡት። ጥቅስ መጥቀስ ሳያስፈልግዎት ወረቀቱ ብዙ ይናገርልዎታል። ከተስማማችሁ ሁለታችሁም አብራችሁ ወደ ሽማግሌዎች ሂዱና ቃሉ እንዲቀነስ ወይም በብዙ ዓመታት እንዲከፋፈል ጠይቁ። ባለቤትዎ ለብቻቸው እንዲሄዱ ካደረጉ በኮሚቴ ጓደኞቻቸው ፊት ሊያፍሩ ስለሚችሉ አብረው መሄድዎ ይረዳቸዋል። አልሰማም ካሉ ግን ባለቤትዎ የሚያከብሯቸውን አንድ ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ወደ ቤታችሁ ይጋብዙ፤ ይህ ባልን ማሳጣት አይደለም። 1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥5 የራሱን ቤት ማስተዳደር የማያውቅ የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ሊጠብቅ እንደሚችል ሲጠይቅ፣ ሽማግሌዎቹ በኮሚቴ አባላቸው ቤት የሚሆነውን እንዲያውቁ የማድረግ ኃላፊነት አለብን ማለቱ ነው። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሆነ አገልግሎት ውሎ አድሮ ልጆቻችሁን ከቤተ ክርስቲያን ያሸሻል።

ጥያቄ፦ በለገጣፎ የምትገኝ የአንዲት አጥቢያ የግንባታ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ቃል ከገቡት ምእመናን ገሚሱ አልከፈሉም፤ የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ በየጊዜው እየናረ መሠረቱ ተቆፍሮ ቆሟል። አንዳንድ የኮሚቴው አባላት ያልከፈሉትን ሰዎች ስም እሑድ ከመድረክ እናንብብ፣ ወይም በአጥቢያው የቴሌግራም ቡድን እናውጣ ይላሉ። ይህ ተገቢ ነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ተገቢ አይደለም። የጉዳዩን ክብደት ባልዘነጋም፣ ከዚህ በላይ ያለውን የእኅታችንን ደብዳቤ ለኮሚቴው እንዲያነቡላቸው እጠይቅዎታለሁ፤ ካልከፈሉት ሰዎች መካከል ስንቱ በቤታቸው እናት ወይም ሕመምተኛ እንዳለ ከመዝገባችሁ ማወቅ አትችሉም።

ችግሩ የጀመረው ሰዎቹ መክፈል ባቆሙ ቀን ሳይሆን ቃሉ በተገባበት ቀን ይመስለኛል። «የ100,000 ብር ሰው ማን ነው? እጅ እናያለን!» እየተባለ በማይክ ሲጠራ፣ ዘማሪዎች ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ፣ ቀድሞ የተነሣው እየተባረከ የተቀመጠው አንገቱን ሲደፋ፣ የሚገባው ቃል ከልብ ይልቅ ከእፍረት የሚመነጭ ነው። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን ገንዘብ ሲያሰባስብ ይህን ነበር የሸሸው፤ በ1ኛ ቆሮንቶስ 16፥2 እርሱ በመጣ ጊዜ ገንዘብ ማዋጣት እንዳይሆን እያንዳንዱ በየሳምንቱ እንደ ቀናው መጠን በቤቱ እንዲያስቀምጥ አዘዘ። ታላቅ ሰባኪ በመካከላቸው ቆሞ እያለ ቢጠየቁ የበለጠ እንደሚሰበሰብ ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም። ስጦታው ባልና ሚስት በሚመክሩበት በቤት እንዲወሰን መረጠ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 36 ደግሞ የማደሪያው ድንኳን ሠራተኞች ሕዝቡ ከሚያስፈልገው በላይ እያመጣ መሆኑን ለሙሴ ነግረውት፣ ሙሴ በሰፈሩ ሁሉ ዐዋጅ አስነግሮ መስጠትን አስቆመ። በቃ ብሎ የሚያስቆም የግንባታ ኮሚቴ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከመድረክ ስም መጥራት በያዕቆብ 2 የተወገዘውን አድልዎም ያመጣል፤ ከፋዩ በፊት ወንበር፣ ያልከፈለው በበሩ አጠገብ ይቀመጣል። በቴሌግራም የወጣ ስም ደግሞ ወደ ሥራ ቦታና ወደ ዕድር ሳይቀር ይደርሳል፤ ኋላ ቢሰረዝም ያየው ሰው አይረሳውም። በዚህ ፈንታ ኮሚቴው ቃል ለገቡት ሁሉ፣ ለከፈሉትም ላልከፈሉትም በእኩል፣ በጽሑፍ ሁለት ነገር ቢያሳውቅ እመክራለሁ፦ አቅሙ የተለወጠ ሰው ያለ ምርመራና ያለ ወቀሳ ቃሉን መቀነስ እንደሚችል፣ እንዲሁም ያገባ ሰው የሚገባው ቃል ከእንግዲህ የሁለቱም ተጋቢዎች ፊርማ እንደሚኖርበት። ሉቃስ 14፥28 ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን እንዲቈጥር የተናገረው ለኮሚቴም ይሠራል፤ መሠረቱን የቆፈራችሁት ባልተከፈለ ቃል ላይ ተስፋ አድርጋችሁ ከሆነ፣ ሕንፃውን በደረጃ ከፍላችሁ፣ በእጅ ያለው ገንዘብ እስከሚፈቅደው ድረስ ብቻ መሥራት ይኖርባችኋል። የገቢና የወጪ ሒሳቡንም በየሩብ ዓመቱ ለምእመናን አቅርቡ፤ መዘግየት ሁሉ የፍቅር ማነስ አይደለም፣ አንዳንዱ ገንዘቡ የት እንደሚውል ካለማወቅ የሚመጣ ነው።

«እስከዚያ በቆርቆሮ ውስጥ እንዴት እንቆያለን?» የሚል ካለ፣ የራሳችንን ታሪክ ያስብ። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም በደርግ ተዘግታ ሕንፃዎቿ ሲወሰዱና መሪዎቿ ሲታሰሩ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ፤ ምእመናኑ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ እየዘመሩ ከቆዩ በኋላ ሥርዓቱ በወደቀበት በ1983 ዓ.ም ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። በእነዚያ ዓመታት የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የአንድ ቤተሰብ ሳሎን ነበር፤ በጽናት ያቆዩትም ብዙዎቹ በራቸውን የከፈቱ እናቶች ነበሩ። ሕንፃ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ በዝናብ ጊዜ ጭቃ ረግጠው ለሚመጡ አረጋውያን ያስፈልጋል። ነገር ግን ቤቶችን እያራቆተ የሚቆም ሕንፃ ያንን ዘመን ያሻገረንን ነገር ያጠፋዋል።

ጥያቄ፦ በቡራዩ አካባቢ በአንድ ፋብሪካ ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ሰላሌ ላሉ ወላጆቼ በየወሩ ገንዘብ እልካለሁ። አሥራት የማወጣው ለወላጆቼ ከመላኬ በፊት ካለው ነው ወይስ ከቀረው? የኅብረት መሪያችን ከቀረው ካወጣሁ በሚልክያስ 3 መሠረት እንደምረገም ነግረውኛል።

መልስ፦ እኅታችን፣ ስለ መጠኑ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ትምህርት አንድ ዓይነት አይደለም፤ አዲስ ኪዳንም ለስጦታ ቁርጥ ያለ መቶኛ አላስቀመጠም። ከሙሉ ደመወዝዎ አውጥተው ወላጆችዎም የማይጎድልባቸው ከሆነ በደስታ ያድርጉት። ይጎድልባቸዋል ከሆነ ግን ቀለባቸውን ያስቀድሙ፤ ምክንያቱን ከላይ በማርቆስ 7 አይተነዋል። ዘዳግም 14፥28-29 በየሦስተኛው ዓመት የሚወጣውን አሥራት ከሌዋዊው ጋር መጻተኛው፣ ድሀ አደጉና መበለቲቱ በልተው እንዲጠግቡበት ማዘዙንም ያስታውሱ፤ የተራበን ሰው ማብላት ከአሥራት ዓላማ ውጭ ሆኖ አያውቅም። ስለ እርግማኑ፣ ክርስቶስ ከሕግ እርግማን እንደ ዋጀን ገላትያ 3፥13 ይናገራልና በፍርሃት አይስጡ። መሪያችሁ ሚልክያስ 3ን ሲያነቡልዎ ከቍጥር 8 ሳይሆን የምንደኛውን ደመወዝ የሚከለክሉትን፣ መበለቲቱንና ድሀ አደጉን የሚያስጨንቁትን ከሚወቅሰው ከቍጥር 5 እንዲጀምሩ በትሕትና ይጠይቋቸው።